በክረምቱ ዕረፍት ከልጆች ጋር በፈረንሳይ የሜዲትራኒያን ዳርቻ በድንኳን መሰንበት፦ መቼ፣ የትና በምን ዝግጅት?

የከዚራዋ እናት (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ ከዚራ የምኖር መምህርትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ልጆቼ 13፣ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው። ታናሽ ወንድሜ በደቡብ ፈረንሳይ በሞንፔሊዬ ከተማ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል። በየዓመቱ «ኑና ልጆቹ ይተዋወቁ» ሲል ቆይቶ ዘንድሮ ነገሩን ቁርጥ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ በመሆኑ ለስምንት ሰው አይበቃም፤ ሆቴል ደግሞ ለሁለት ሳምንት የማይታሰብ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ቤተሰቦች በባሕሩ ዳር በሚገኝ ካምፒንግ ቦታ ይዘን እንድንሰነብት ሐሳብ አቅርቧል። ባለቤቴ ሥራው ስለማይፈቅድለት አብሮን አይሄድም።

አባቴ ዕድሜውን በሸመንደፈር፣ ማለትም በምድር ባቡር ድርጅት ያሳለፈ ሰው ስለነበር ፈረንሳይኛ በቤታችን እንግዳ አልነበረም፤ እኔም ለሰላምታና ማስታወቂያ ለማንበብ የሚያህል አለኝ። ካምፒንግ የሚባለውን ነገር ግን ጨርሶ አላውቀውም። ድንኳን ለእኛ የሠርግና የለቅሶ ነው። ቤታቸውን ዘግተው ለመዝናናት ድንኳን ውስጥ ስለሚተኙ ሰዎች ለእናቴ ባጫወትኋት ጊዜ «ምን ደረሰባቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ የሄዳችሁበት ወይም እዚያው የምትኖሩ እንድትረዱኝ የምጠይቀው ይህን ነው። ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የትኛው ሳምንት ይሻላል? ዋና ለማይችሉ ልጆች የትኛው ዳርቻ ይስማማል? ታይዋን ገበያ የገዛሁትንና ሚዛን ላይ ሳወጣው 14 ኪሎ የሆነውን ድንኳን ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያው ልከራይ? ከምግብ ምን መያዝ ይቻላል? ቪዛውንስ ከመቼ ጀምሬ ልያዘው? ሙቀቱ አያሳስበኝም፤ የድሬዳዋን ግንቦትና ሰኔ የቻለ ልጅ የእነሱን ፀሐይ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ከሳቢያን እስከ ቤዚዬ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። እዚያው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ተወልጄ ያደግሁ ስሆን ከወንድምዎ ብዙም በማይርቅ በቤዚዬ ከተማ መኖር ከጀመርሁ 12 ዓመት ሞላኝ፤ ከእነዚህ ውስጥ አራቱን ክረምት በባሕር ዳር ካምፒንግ በጽዳትና ለእንግዳ ቤት በማስረከብ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የምጽፍልዎ በእንግዳው ዓይን ብቻ ሳይሆን መጥረጊያ ይዞ ከኋላው በሚገባው ሰው ዓይንም ነው።

መጀመሪያ መቼ የሚለውን ይወስኑ፤ ዋጋውም ቦታውም ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። እኛ ክረምት የምንለው ወቅት ለእነሱ ዋናው በጋ ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች በሰኔ መጨረሻ ገደማ ተዘግተው በሴፕቴምበር መግቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 26 ገደማ ይከፈታሉ። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባሕሩ ዳር እግር መትከያ ስለማይገኝ የካምፒንጉ ኪራይ ጣሪያ ይነካል፤ ከነሐሴ 20 በኋላ ግን ዋጋው በግልጽ ይወርዳል። የእኛ ልጆች ደግሞ እስከ መስከረም ነጻ ናቸው። ፈረንሳዮቹ ደብተር በሚገዙበት ሳምንት የእርስዎ ልጆች አሸዋ ላይ መሆን ይችላሉ ማለት ነው፤ ይህችን ክፍተት ከአገራችን የሚመጡ ቤተሰቦች ለምን እንደማይጠቀሙባት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ባሕር ቀስ ብሎ ሞቆ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ውኃው በዚያን ጊዜ ገና ለብ እንዳለ ነው፤ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ይደርሳል። ጾም የምትጾሙ ከሆነ ፍልሰታም ነሐሴ 16 ተፈትቷል፤ ዓሣ እየተጠበሰ አጠገቡ ሽሮ መብላት አይኖርም። ጉዳቱ ሁለት ነው። የወንድምዎ ልጆች ትምህርት ሲጀምሩ ሊመጡ የሚችሉት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይሆናል፤ ከካምፒንጎቹም አንዳንዶቹ በሴፕቴምበር አጋማሽ ስለሚዘጉ የመዋኛ ገንዳውና ሱቁ እስከ መቼ እንደሚሠሩ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ቦታው፣ ዋና ለማይችል ልጅ ከሞንፔሊዬ ወደ ምዕራብ እስከ እስፔን ድንበር የሚዘረጋው የላንጌዶክና የሩሲዮን ዳርቻ ይሻላል። አሸዋው ደቃቅ ነው፣ ውኃውም ብዙ ቦታ ቀስ በቀስ ነው የሚጠልቀው። በምሥራቅ በኩል ስሟ የገነነው ኒስ ዳርቻዋ ጠጠር ነው፤ የማርሴይ ካላንኮች ደግሞ ገደል በመሆናቸው ለ5 ዓመት ልጅ የሚሆኑ አይደሉም፣ በበጋም በሰደድ እሳት ሥጋት መግቢያቸው የሚዘጋባቸው ቀኖች አሉ። ለወንድምዎ ቤት የሚቀርቡት ፓላቫስ፣ ካርኖንና ላ ግራንድ ሞት ናቸው። የመጨረሻዋ ስሟ በእኛ ጆሮ ያስደነግጣል እንጂ በ1960ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር መሠራት የጀመረች፣ ፎቆቿ እንደ ፒራሚድ የተሾጠጡ ሰላማዊ የመዝናኛ ከተማ ናት። ቀጥሎ ሴት የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ «ሴት ሄጄ ነበር» ብዬ ቤተሰቤን ያሳቅሁባት። ከዚያ ማርሴያን ፕላዥና ቫልራስ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ካምፒንግ የሞላባት አርዥሌስ ትገኛለች። በዚህ መሥመር ላይ ያለችው ካፕ ዳግድ ጥሩ የቤተሰብ ዳርቻ አላት፤ ነገር ግን ከጎኗ ሰዎች ያለ ልብስ የሚኖሩበት ትልቅ መንደር ስላለ በማስታወቂያው ላይ «ናቱሪስት» የሚል ቃል ካዩ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይለፉት። አንድ የአገራችን ሰው በስሕተት ከነአማቱ ቦታ ይዞ ከበሩ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሙቀቱ አያሳስበኝም ማለትዎ ትክክል ነው፤ ሊያሳስብዎ የሚገባው ነፋሱ ነው። ትራሞንታን የሚባለው ከሰሜን ምዕራብ፣ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ቀናትን ሊዘልቅ ይችላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ባሕሩ ዳሩ ላይ ጠፍጣፋ መስሎ ስለሚታይ ያታልላል፤ ልጅ የተቀመጠበትን የተነፋ ፍራሽ ወይም ጎማ ግን አባት ዋኝቶ ሊደርስበት በማይችል ፍጥነት ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ስለዚህ ነፋስ ባለበት ቀን የሚነፋ መጫወቻ ከድንኳን አይውጣ። ደግሞም ይኸው ነፋስ የላዩን ሞቃት ውኃ ገፍቶ ከሥር ያለውን ቀዝቃዛ ስለሚያወጣ ትናንት ለብ ያለው ባሕር ዛሬ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተተከለበት፣ የነፍስ አድን ሠራተኞች በሚጠብቁት ክልል ብቻ ይዋኙ፤ አረንጓዴ ሲሰቀል መዋኘት ይቻላል፣ ቢጫ ጥንቃቄ ነው፣ ቀይ ከሆነ ክልክል ነው። የአደጋ ጥሪው ቁጥር 112 ነው።

ድንኳንዎን ለዚህ ነፋስ አላምነውም፤ 14 ኪሎውንም ለሌላ ዕቃ ያውሉት። ሁለት ምርጫ አለዎት፦ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው ሞቢል ሆም የሚሉት ቤት፣ ወይም አልጋው ተዘርግቶ የሚጠብቅዎ ተተክሎ የቆየ የሸራ ድንኳን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት ልጅ ጋር ለብቻዋ ለምትመጣ እናት ሞቢል ሆሙን እመክራለሁ። አንሶላና ፎጣ አብዛኛውን ጊዜ በኪራዩ ውስጥ ስለማይካተቱ ይዘው ይምጡ፤ ጋቢም አይርሱ፣ የነሐሴ መጨረሻ ሌሊት ይበርዳል። ሲገቡ መያዣ ገንዘብ ይጠየቃሉ። ሲወጡ ቤቱን ራስዎ ካላጸዱት ከዚያ ላይ ይቆረጣል። እኛ ሠራተኞቹ ከሁሉ በፊት የምናየው ምድጃው ላይ የረጋውን ዘይትና የማቀዝቀዣውን የታችኛውን መሳቢያ ነበር፤ ወለሉ ቢያብረቀርቅም እነዚህ ከቆሸሹ ወረቀቱ ላይ ምልክት እናደርጋለን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለማምጣት የሚያስቡ ከሆነ ይተዉት። ባዶ ቦታ ለያዘ ሰው የሚሰጠው መብራት ብዙውን ጊዜ 6 ወይም 10 አምፔር ነው፤ 6 አምፔር 1,400 ዋት እንኳን አይሞላም፣ 10 አምፔሩም 2,300 ዋት ገደማ ነው፤ የእኛ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 በላይ ይፈልጋል። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ብሬከሩ ይወድቃል። የከሰል እሳትም በበጋ በብዙ ካምፒንግ ክልክል ነው፤ ዙሪያው ጥድ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለም። ቡናውን በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉ፤ ዕጣኑን ደግሞ ለወንድምዎ ቤት ያቆዩት።

አንድ ጊዜ የተከለከለ (ድሬዳዋ)

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ቪዛው ካልተያዘ ትራሞንታኑም ሞቢል ሆሙም ወሬ ሆኖ ይቀራል። ባለፈው ዓመት ለአንድ የሸንገን አገር (ፈረንሳይን ጨምሮ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ለአንዱ) አመልክቼ ተከልክዬ፣ በሁለተኛው ሙከራ ያገኘሁ ስለሆንኩ የተማርኩትን ላካፍል።

መደበኛው የሸንገን ቪዛ ውሳኔ በ15 ቀን የሚሰጥ ቢሆንም፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ጊዜው ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ ነሐሴ 20 የምትሄጂ ከሆነ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ በሩ ክፍት ነው፤ እኔ ብሆን ከፋሲካ አላሳልፈውም፣ ምክንያቱም የቀጠሮ ወረፋው ከሰኔ በኋላ ይጨናነቃል፣ ልጆቹም ለአሻራና ለሰነድ አዲስ አበባ መመላለስ ይኖርባቸው ይሆናል። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ዕድሜው 6 ሞልቶት 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው፤ የ5 ዓመቱ ልጅሽ ነጻ ነው። የ13 ዓመት ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል። ቢከለከሉም ገንዘቡ አይመለስም።

ወንድምሽ የሚኖርበት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «አቴስታሲዮን ዳኬይ» የሚባለውን የእንግዳ መቀበያ ወረቀት ማውጣት አለበት፤ የ30 ዩሮ ቴምብር አለው፣ የቤቱን ስፋትና የገቢውን ማስረጃም ይጠይቁታል። እዚህ ላይ እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ ልጠቁም። የእኔ ግብዣ የሚለው አንድ ቀን፣ የያዝኩት ማረፊያ የሚለው ሌላ ቀን ነበር፤ በመካከሉም ሦስት ሌሊት የት እንደማድር የሚያሳይ ወረቀት አልነበረኝም፣ የመድን ዋስትናዬም ከመመለሻዬ ሁለት ቀን ቀድሞ ያበቃል። እንግዲህ በወንድምሽ ቤት የምታድሪባቸው ሌሊቶች በእሱ ወረቀት፣ በካምፒንጉ የምታድሪባቸው ሌሊቶች በካምፒንጉ ማረጋገጫ ተሸፍነው፣ አንድም ሌሊት ሜዳ ላይ ሳይቀር ከአውሮፕላኑ ቲኬት ጋር መግጠም አለባቸው። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ካምፒንጉን ስትይዢ ቪዛ ከተከለከልሽ ገንዘቡ የሚመለስበትን ዓይነት ውል ምረጪ፤ ጥቂት ዩሮ ይጨምራል እንጂ እንቅልፍ ይሰጣል።

ባለቤትሽ ስለማይሄድ ልጆቹ ከአንቺ ጋር እንዲወጡ መፍቀዱን የሚገልጽ፣ ውልና ማስረጃ ቀርቦ የፈረመበት ሰነድ ከነትርጉሙ ያስፈልጋል። እሱ እዚህ መቅረቱ በአንድ በኩል ይጠቅምሻል፤ ለመመለስሽ ከደመወዝሽና ከሥራ ፈቃድ ደብዳቤሽ ጋር ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል።

የጀጎሉ (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁም። እኅቴ ማርሴይ ስለምትኖር እኔና ባለቤቴ ከሁለት ሴት ልጆቻችን ጋር ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ዳርቻ አሥር ቀን ሰንብተናል። የተባለውን አልደግምም፤ ሳይነሳ ያለፈውን ብቻ ልጨምር።

ከምግብ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም። ቋንጣ፣ የነጠረ ቅቤ፣ አይብ በሙሉ በጉምሩክ ይወረሳል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይዘን ገብተናል፤ በተለይ ድርቆሹ ምጣድ በሌለበት ትልቅ ውለታ ውሎልናል፣ የቲማቲም ስልስ ሠርተን ፍርፍር እናደርገው ነበር። ለዘመድ ብለሽ ማንጎና ብርቱካን እንዳትይዢ፤ ያለ ጤና ማረጋገጫ ወረቀት የሚፈቀዱት ፍራፍሬዎች እንደ ሙዝ፣ አናናስና ተምር ያሉ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። በእኛ አካባቢ ስለምንኖር ይህንም በግልጽ መናገር አለብኝ፦ ጫት በፈረንሳይ በአደንዛዥ ዕፅነት የተከለከለ ነው። አንድ ሰው «ለወንድሜ አድርሽልኝ» ብሎ የሚሰጥሽን የታሸገ ዕቃ ሳትፈቺና ሳታዪ አትቀበዪ፤ የሌላ ሰው አንድ ጥቅል ዕቃ የቤተሰብን ጉዞ ያበላሻል።

ስለ ዋና ልብስ የሙስሊም ቤተሰቦች ደጋግመው ይጠይቁኛል። በባሕሩ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ለብሶ መዋኘት ይቻላል፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ሊከለክሉ ሞክረው የአገሪቱ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አንዱን ክልከላ በዚያው ነሐሴ አግዶታል። የካምፒንግ መዋኛ ገንዳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ያረፍንበት ካምፒንግ ገንዳው ውስጥ ረጅም ልብስ አልፈቀደም፤ ባለቤቴ ከመያዛችን በፊት ጽፋ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ሌላ እንመርጥ ነበር። ወንዶች ልጆችም እፎይ አይበሉ፤ ሰፊ ቁምጣ በብዙ ገንዳ ስለሚከለከል አካል ላይ የሚጣበቀውን አጭር የዋና ልብስ ካልገዛችሁላቸው ዳር ላይ ቆመው ያያሉ። ሐላል ሥጋ በሞንፔሊዬም በቤዚዬም በቀላሉ ይገኛል፤ በካምፒንጉ ሱቅ ግን አትጠብቁ።

ጅቡቲ አፍንጫችን ሥር እያለ ለምን ይህን ያህል እንደሚደከም የሚጠይቅ አይጠፋም። እኔም የታጁራን አካባቢ ነጭ አሸዋ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ በድንኳን የሚቻል አይደለም። እሱ የኅዳርና የታኅሣሥ ጉዞ ነው፤ ዓሣ ነባሪ የሚያህሉት ባለ ነጠብጣብ ሻርኮች ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡትም በዚያው ወቅት ነው። ዓመት በዓል ላይ ልጆቹ ዋና ለምደው ከተመለሱ እናወራለን።

የከዚራዋ እናት (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከወንድሜ ጋር በስልክ ተነጋግረን ነሐሴ 19 ለመነሣትና ጳጉሜን 3 ለመመለስ ተስማምተናል፤ ልጆቹ ትምህርት እስኪጀምሩ አብረን እንሰነብታለን፣ ከዚያ በኋላ እሱ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያድራል። ድንኳኑንም ለጎረቤት ልጆች ግቢ ውስጥ ተክዬላቸዋለሁ፤ የኔዎቹም አንድ ሌሊት አድረውበት በማግሥቱ ሞቢል ሆም ይሻላል ብለው በአንድ ድምፅ ወስነዋል።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ወንድሜ ከሌሎቹ በግማሽ የሚረክስ ቦታ አግኝቶ ላከልኝ። ከባሕሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ገባ ይላል፣ ፎቶው ላይ ትልልቅ ዛፎች አሉት፣ በጎኑም ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ይታያል። ትልቋ ልጄ ፎቶውን አይታ «ወንዛችንን ደቻቱን አይመስልም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ውስጤ እሺ አላለኝም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊቱን ደራሽ ውኃ በመጣ ጊዜ እኔ እዚሁ ነበርኩ፤ በማግሥቱ ያየሁትን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ፍርሃቴ ከመጠን ያለፈ ይሆን?

ከሳቢያን እስከ ቤዚዬ

አላለፈም፤ ልጅዎ ያየችው ትክክል ነው። የዚህ አገር ዳርቻ ከጀርባው ተራራ ስላለው፣ በበጋ የሞቀው ባሕር የሚያነሣው እርጥበት ከተራራው ጋር ሲጋጭ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወራት ዝናብ ሊያወርድ ይችላል። ዋናው ወቅት መስከረምና ጥቅምት ቢሆንም በነሐሴ መጨረሻም ይጀምራል። ደረቅ ሆኖ የከረመው የወንዝ አሸዋ ልክ እንደ ደቻቱ፣ እዚያው ቦታ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ በዘነበው ብቻ ይሞላል። በእስፔን ፒሬኔ ተራሮች ቢየስካስ አጠገብ በነሐሴ 1 ቀን 1988 ዓ.ም. በካምፒንግ ላይ የወረደ ደራሽ ውኃ 87 ሰዎችን ገድሏል፤ ካምፒንጉ የተሠራው ጅረቱ ከተራራው ሲወጣ አሸዋና ድንጋይ በሚያራግፍበት ሜዳ ላይ ነበር።

ሁሉም በወንዝ አጠገብ ያለ ካምፒንግ አደገኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ የማስጠንቀቂያ ድምፅና የመውጫ መንገድ አላቸው። ነገር ግን ሦስት ልጅ ይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጡ ሰው በግማሽ ዋጋ የሚገኘው ትርፍ የሌሊት እንቅልፍዎን አያክልም። ወንድምዎ የቦታውን አድራሻ ይዞ የማዘጋጃ ቤቱን የጎርፍ ሥጋት ካርታ ይመልከት፤ ለሕዝብ ክፍት ነው። በቆይታችሁም ሁሉ የፈረንሳይ ሜቴዎን (የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱን) የአውራጃ ማስጠንቀቂያ ካርታ በየምሽቱ ይዩ፤ አረንጓዴና ቢጫ ከሆነ ይቆዩ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ ልጆቹን ይዘው ወደ ሞንፔሊዬ ይሂዱ፣ ስምንት ሰው በሁለት መኝታ አንድ ሌሊት ቢጨናነቅ ምንም አይደለም።

ማርሴያን ፕላዥ በነሐሴ 20 ሳምንት ክፍት ቦታ ያላቸው ሁለት ካምፒንጎች ዛሬ በስልክ ጠይቄ አግኝቻለሁ። ስማቸውን በግል መልእክት ልኬልዎታለሁ፤ ከሁለቱ ሁለተኛው ወደ አሸዋው በእግር አምስት ደቂቃ ነው፣ ሠራተኞቹን ስለማውቃቸውም ከመታጠቢያው ራቅ ያለ ቤት ይስጧችሁ ብዬ እነግራቸዋለሁ።